መርዶ ያልነበረው ማለዳ

የኤጀንሲው ሰው ሲደውልልኝ ሰላምታው ሁልጊዜ አንድ ነው። "ሲስተርዬ፣ ነጻ ነሽ?" ይለኛል። ነጻ መሆኔን ያውቃል። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ከገበያና ከቤተ ክርስቲያን በቀር የምሄድበት የለኝም። ቢሆንም ጥቂት እንዳሰበ ሰው ዝም ብዬ ቆይቼ "ነጻ ነኝ" እለዋለሁ። እሱም የክሊኒኩን ወይም የታማሚውን አድራሻ ይነግረኛል።

ብዙ ዘመን በመንግሥት ጤና ጣቢያ ሠርቻለሁ። ባለቤቴ ኩላሊቱን ሲታመም እሱን ለማስታመም ሥራዬን ለቀቅሁ። ካረፈ በኋላ ወደ ድሮው ቦታዬ ልመለስ ብዬ አሰብኩ፤ ነገር ግን ቦታው ተይዟል፣ እኔም የድሮዋ አልነበርኩም። ነርሶችን እየመዘገበ፣ ሰው ለጎደለባቸው የግል ክሊኒኮችና በቤታቸው ለተኙ ታማሚዎች የሚልክ ቢሮ ዲላ ውስጥ መከፈቱን የነገረችኝ ጎረቤቴ ናት። ቢሮ ይባላል እንጂ ከአንድ ፎቶ ቤት ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት።

ይህ ሥራ ሁልጊዜ እንግዳ ሆኖ መኖር ነው። አንዱን ሳምንት ጨለለቅቱ ከተማ ነኝ፣ ሌላውን ገደብ ከተማ። በደረስኩበት ሁሉ ጓንቱ የት እንደሚቀመጥ መጠየቅ አለብኝ። አንዱ ክሊኒክ ፋሻውን ቆልፎ ያስቀምጣል፤ ሌላው ከሻይ ቅጠልና ከስኳር ጋር በአንድ መደርደሪያ ላይ ይደረድረዋል። ቋሚዎቹ ነርሶች አስቸጋሪውን ታማሚ ይተዉልኛል። ገደብ ላይ አንዲት ልጅ እግር ነርስ ደም ሥሩ አልገኝ ያላት ሰውዬ ገጠማትና "ለእንግዳ ክብር ነው" ብላ መርፌውን አቀብላኝ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ደም ሥሩም ተገኘ። ስሜን ግን እስክሄድ ድረስ አልጠየቀችኝም። "የኤጀንሲዋ" ነበር የምትለኝ።

ቡና በሚለቀምበት ወራት ስልኬ ዕረፍት የለውም። ለቀማው ሲያልቅ ዝም ይላል፤ እሱ ዝም ሲል ቤቱ ይሰፋብኛል። እንደዚያ ባሉ ቀናት አንድ የማላውቀው ሰው ትኩሳት ይዞት በጠራኝ ብዬ እመኝና በሐሳቤ አፍራለሁ። ያም ሆኖ ሥራው ደግነት አለው። ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ እንሰቱና ቡናው በጭጋግ መሐል ሲያልፍ ሳይ፣ ወደሚፈልገኝ ሰው እየሄድኩ መሆኔ ብቻ ይበቃኛል።

ጥቁር ልብሴን እስካሁን አላወለቅሁም። ቤተ ክርስቲያናችን ጥቁር ልበሱ አትልም። እንዲያውም መጋቢያችን አንድ ቀን ለብቻዬ ጠርተው፣ ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች አብዝቼ እንዳላዝን በቀስታ መክረውኛል። ልክ ናቸው። ግን ጠዋት ልብስ ሳነሣ እጄ ወደ ሌላ ቀለም አይሄድም። ሥራ ላይ ነጩ ጋውን ስለሚሸፍነው ማንም ነገሬ ብሎ አያውቅም ነበር። ዱመርሶ የምትባል መንደር እስክሄድ ድረስ።

የዱመርሶዋ ታማሚ በዕድሜ የገፉ እናት ነበሩ። ስኳራቸው ብዙ ጊዜ የቆየ ነው፤ እግራቸው ላይ ቁስል ወጥቶ ሆስፒታል ተኝተው ነበር፤ ተሽሏቸው ወደ ቤት ተመልሰዋል። ከእሳቸው ጋር የምትኖረው ሴት ልጃቸው ኢንሱሊን መውጋት ስለፈራች ነርስ ፈለገች። የኤጀንሲው ሰው፣ "ቁርስ ሳይበሉ ድረሺላቸው፤ መርፌው ከምግብ በፊት ነው" አለኝ። እንዳለኝ የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዤ ገና በደንብ ሳይነጋ ከአስፋልቱ ዳር ወረድኩ። ጋውኔን አቧራ እንዳይነካው እንደ ልማዴ ቦርሳዬ ውስጥ አጣጥፌዋለሁ።

ልጅቱ መንገድ ዳር ትጠብቀኝ ነበር። እናቷን ስትጠብቅ እንቅልፍ ስላላየች ዓይኗ ቀልቷል። ከእሷ ጋር አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ አሉ፤ የታማሚዋ ወንድም ናቸው። የነርሷን መምጣት ሰምተው እህታቸውን አብረው ሊጠይቁ ነው የመጡት። በቡናው መሐል ባለችው ቀጭን መንገድ ሦስታችንም ወጣን። ዳገት ስለሆነ ማንም ለወሬ ትንፋሽ አልነበረውም።

ኋላ እንደነገሩኝ፣ በዚያ መንደር ሰው ሲሞት መርዶ የሚነግሩት እሳቸው ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፣ ድምፃቸውም ለስላሳ ነው። እኛ አገር መርዶ የሚነገረው እንዴት እንደሆነ ማንም ያውቀዋል። ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ ይገባል። እንግዲህ እኚያ እናት አልጋቸው ላይ ሆነው ያዩትን አስቡት። በሩ ተከፈተ። በማለዳ፣ ዓይኗ የቀላ ልጃቸው ገባች። ቀጥሎ መርዶ ነጋሪው ወንድማቸው። ከኋላቸው ከራስ እስከ እግሯ ጥቁር የለበሰች የማያውቋት ሴት።

ሽማግሌው ጉሮሮአቸውን ጠረጉና በለስላሳ ድምፃቸው "እህቴ፣ እንደምን አደርሽ" አሉ።

እናትየው ደረታቸውን መቱ። የሾፌር ልጃቸውን ስም እየጠሩ ጮኹ። ልጁ የጭነት መኪና ይነዳል፤ በዚያ ሰሞን ቡና ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሄዷል።

"ኧረ ምንም የለም፣ ተረጋጊ!" አሉ ሽማግሌው በጌዴኦኛ። ይህን ያህል ጌዴኦኛ ይገባኛል።

"ተረጋጊ? ለጎረቤቴም ተረጋጊ ብለህ ነው የጀመርከው!"

"ጌታ ምስክሬ ነው፣ ልጁ ደህና ነው።"

"እንደሱም ብለሃታል!"

ልጅቱ አልጋው ሥር ተንበርክካ፣ "እማዬ፣ ነርሷ ናት፤ መርፌ የምትወጋሽ ነርስ ናት" ትላለች። እኔ ጋውኔን ከቦርሳዬ አውጥቼ በችኮላ ለበስኩ። ያም አልረዳም፤ እናትየው አለባበሴን አይተው፣ "እይ፣ አሁን ደበቀው!" አሉ። አማርኛ ሲናገሩ ወንድና ሴት አይለዩም፤ ለእኔም ለወንድማቸውም "አንተ" ነው የሚሉት። "አንተ ሐኪም ነህ? ልቤ እንዳይቆም ነው ያመጡህ?"

ልጅቱ ወደ ወንድሟ ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው። ደግማ ደወለች፣ ዝግ ነው። ጥፋት የለበትም፤ መኪናውን ዳር አቁሞ ተኝቶ ይሆናል። ግን ስልኩ ዝግ ነው የሚለውን ድምፅ እናትየውም ሰሙት። ከዚያ በኋላ ጩኸታቸው ቆመ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

የቀረበላቸውን ቁርስ በእጃቸው ገፉት። ውሃም እምቢ አሉ። ጣታቸውን ወግቼ ስለካ አልተቃወሙም፤ ስኳራቸው ከፍ ብሏል። መርፌውን መውጋት አለብኝ። ግን ሳይበሉ ብወጋቸው ስኳሩ ይወርድና ራሳቸውን ይስታሉ፤ ከአስፋልቱ ያን ያህል ዳገት ርቀን ማን ይደርስልናል? ባልወጋቸው ደግሞ ከፍ ያለው ስኳር ያንን ቁስል መልሶ ያመረቅዘዋል፤ ሐኪሞቹ እግሩን ለማትረፍ ብዙ ደክመዋል። መድኃኒቱን ይዤ፣ መብላታቸውን እየጠበቅሁ ተቀመጥኩ።

ፀሐይ ቡናው ላይ ስትወጣ ስልኩ ጮኸ። ልጁ ነው! ልጅቱ እያለቀሰች እየሳቀች ስልኩን ከእናቷ ጆሮ ላይ አደረገች። "እማዬ፣ ምን ሆንሽ? እኔ እኮ ደህና ነኝ" ሲል እኔም ሰማሁት። እናትየው ጥቂት አዳመጡና ስልኩን በእጃቸው ገፉት።

"ይሄ የአጎቱ ልጅ ነው" አሉ።

ሽማግሌው አቀረቀሩ። ልጅቱ ወደ ደጅ ወስዳ ምክንያቱን ነገረችኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የእናትየው እህት ሐዋሳ ሕክምና ላይ እያለች ሞተች። ያኔም እናትየው ታመው ነበርና ቤተሰቡ ሞቷን ደበቃቸው። ሲጨቀጭቁ ጊዜ፣ ድምፅዋ የእህታቸውን የሚመስል ዘመድ ደውላ "ደህና ነኝ፣ በቅርቡ እመጣለሁ" አለቻቸው። እህታቸው ተቀብራ ሳለች እሳቸው ለሷ ዶሮ ሲያሳድጉ ከረሙ።

"ለደግ ብለን ነበር ሲስተር" አለችኝ። "አሁን እውነቱን ብንነግራቸውም ማን ይመነን?"

ለኤጀንሲው ሰው ደውላ ነግራው ኖሮ ወዲያው ስልኬ ጠራ። "ሲስተርዬ፣ ምን ጉድ ነው? ጥቁር የማትለብስ ሌላ ልጅ ልላክላቸው?" አለኝ። እሷ እስክትደርስ እኩለ ቀን ይሆናል። "ቆይ" አልኩትና ዘጋሁት።

ተመልሼ ገባሁ። አልጋው አጠገብ ያለችው በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ምን እንደምል አላዘጋጀሁም። ጋውኔን አወለቅሁት።

"እናቴ፣ ጥቁሩ የእኔ ነው" አልኳቸው። "ባለቤቴ ሞቶብኝ ነው።"

ከግድግዳው ሳይዞሩ፣ "መቼ?" አሉኝ።

"አምና፣ ክረምት ሲገባ።"

"ማን ነገረህ?"

ይህንን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ለቅሶ የመጣው ሁሉ ነገሩን ሰምቶ ነው የመጣው፤ የሚጠየቅ ነገር አልነበረም።

"ማንም አልነገረኝም። እጁን ይዤ የደም ምቱን እቆጥር ነበር። አጣሁት። እኔ ነኝ ለሰው የነገርኩት።"

አሁን ዞሩ። ፊቴን በደንብ አዩት። እንደ ዳኛ መጠየቅ ጀመሩ። ሥራው ምን ነበር? መምህር። ምን ሆኖ? ኩላሊቱን። ጠዋት ነው ማታ? ከሰዓት በኋላ፣ ሊዘንብ ደመናው ሲከብድ። የመጨረሻ ምን አለ?

"'ልብስ ገብቷል?' አለኝ" አልኳቸው። "ያጠብኩት ልብስ ውጭ ተሰጥቶ ነበር። ገብቷል አልኩት። 'የእኔም ሸሚዝ?' አለኝ። ያንተም አልኩት። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።"

"ሸሚዙን ምን አደረግከው?"

"አለ።"

"ተኩሰኸዋል?"

"አልተኮስኩትም።"

ማልቀሴን ያወቅሁት አገጬ ሲረጥብ ነው። ሥራ ላይ አልቅሼ አላውቅም። እናትየው እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቴ ላይ አኖሩትና በጌዴኦኛ ዝቅ ባለ ድምፅ ያንጎራጉሩልኝ ጀመር። ቃሉ ሁሉ አልገባኝም፤ ስለ ቤቱ ምሰሶ የሚያወሳ ነገር አለበት። ወንድማቸውም ጋቢያቸውን አስተካክለው ከሥር አጀቧቸው። ያን ለመንደር ሁሉ መርዶ ያረዳ ድምፅ በዚያ ጠዋት ለእኔ አዋሉት።

ሲጨርሱ እናትየው በክንዳቸው ተደግፈው ቀና አሉ። "ይሄ እውነት ነው" አሉ ለወንድማቸው። "ሰው ስለ ሸሚዝ አይዋሽም።" ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው በጌዴኦኛ ተቆጡ። "ሐዘንተኛ ቤትሽ ተቀምጦ እህል የለም? ምን ዓይነት ሴት ነሽ?"

ልጅቱ ብድግ ብላ ቆጮውንና ጎመኑን አመጣች። ከፊቴ አስቀመጠችው። እናትየው፣ "ብላ" አሉኝ። "ቅመስ። የሞተ አይመለስም፣ ሆድ ግን ባዶውን አያድርም።"

ባለቤቴ የሞተ ሰሞን ጎረቤቶቼ እንዲሁ ሳህን ይዘው ከፊቴ ይቀመጡ ነበር፤ እኔ ካልጎረስኩ እነሱም አይጎርሱም፤ እነሱን ላለማስራብ እጎርስ ነበር። ወጉን እናትየውም ያውቁታል፣ እኔም አውቀዋለሁ።

"ሐዘንተኛ ብቻውን አይበላም" አልኳቸው።

ተያየን። ምን ለማለት እንደፈለግሁ ገብቷቸዋል፤ ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር አየሁ።

"ብልጥ ነህ አንተ" አሉኝ። እጅጌያቸውንም ሰበሰቡ።

ወጋኋቸው። ከዚያ አብረን በላን፣ ቀስ እያልን። አንድ ጉርሻ ስጎርስ አንድ ይጎርሳሉ፤ ሳቆም ያቆማሉ። ከለመድኩት አብልጬ በላሁ። ሽማግሌውም ተጠርተው ቀረቡ። ቁስላቸውን ሳጥብ እግራቸው ሞቃት ነበር፣ ደም እየደረሰው ነው፤ የቁስሉም ጠርዝ ቀይ ሆኖ አዲስ ሥጋ ጀምሯል። ለኤጀንሲው ሰው ደውዬ ሌላ ነርስ እንዳይልክ ነገርኩት።

ልጃቸው በሕይወት መኖሩን ግን ያን ቀን አላመኑም፤ የእኔ ባል መሞቱን አመኑ እንጂ። "እሱን በዓይኔ ካየሁ" አሉ። ልጁ ጭነቱን አራግፎ እየተመለሰ መሆኑን እህቱ ነግራኝ ነበር። ነገም ሳልመጣ እንዳይበሉ አስጠንቅቄያቸው ወደ ዲላ ስወርድ፣ እናትየው ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ተኝተው ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ስመጣ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና አስፋልቱ ዳር ቆሞ አየሁ። ዳገቱን በፍጥነት ወጣሁት። ቤቱ ውስጥ ሳቅ አለ። እናትየው ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ አንድ ቁመተ ረጅም ጎልማሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፣ እሳቸው ጆሮውን በእጃቸው ይዘዋል። መሐላቸው ያለው ሳህን ባዶ ነው።

"እናቴ፣ በልተዋል እንዴ?" አልኩ።

"በላሁ።"

"መርፌው ሳይወጋ? ትናንት ምን ተባብለን ነበር?"

"ልጄ መጥቶ ርቦኝ ዝም ልበል?" አሉ። ጆሮውን አልለቀቁትም።

ልጃቸው ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ቦርሳዬን አስቀምጬ የስኳር መለኪያውን አወጣሁና "ጣት" አልኳቸው። ነጻ የነበረውን እጃቸውን ዘረጉልኝ።