ማንኪያው ሲወዛ

ይኸ የምነግራችሁ ነገር የሆነበትን ዓመት በትክክል አላስታውሰውም። አስፋልቱ ገና ሚዛን ተፈሪ አልደረሰም ነበር፤ ወቅቱም ክረምት ነበር። ሥራ የጀመርኩበትን ቀን ግን ዛሬም አየዋለሁ።

እስከ አራተኛ ክፍል ነው የተማርኩት። ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ውስጥ ጆንያ ስሸከም ኖሬ፣ ከተማችን ውስጥ ላቦራቶሪ ሲከፈት የጋዝ ሲሊንደር እንድሸከም ተቀጠርኩ። ቤቱ የተከፈተው የቴፒን ቅመም ለመመርመር ነው፤ የኮረሪማ፣ የቁንዶ በርበሬና የዝንጅብል ዘይት። ኬሚስቷ ሰሚራ የጅማ ልጅ ናት። በመጀመሪያው ቀን ማሽኑ ፊት አቆመችኝ።

«ጋሽ ወልዴ፣ እዚህ ውስጥ እሳት አለ። ይታይዎታል?»

አጎንብሼ አየሁ። «ምንም የለም።»

«አለ። እጅዎን እንዳይሰዱ ብቻ።»

ከመሳቢያ የሻይ ማንኪያ አወጣችና ጀርባውን ማሽኑ አናት ላይ ካለች ትንሽ ቀዳዳ በላይ ያዘችው። የሚያብረቀርቀው ማንኪያ ደበዘዘ፣ ጤዛ ቋጠረ። «ሃይድሮጂን ሲነድ ውሃ ይወጣዋል» አለች። «ነበልባሉ አይታይም፤ ውሃው ግን ይታያል።»

«እንደ ሰው ፊት ወዛ» አልኩ። ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤታችን ቃል ሆነ።

ሲሊንደሮቹ ውጭ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ስለነበሩ እሳቱን የምናበራው ሁለት ሆነን ነው። አንዱ ውጭ ጋዙን ይከፍታል፤ አንዱ ውስጥ ይለኩስና ማንኪያውን ይይዛል። «ጶ» የምትል ድምፅ ትሰማለች። ድምፁ ግን አይታመንም። ማንኪያው ከወዛ «ወዛ» ብሎ መጮህ፤ ካልወዛ «ዝጋ» ማለት። ያልነደደ ሃይድሮጂን ማሽኑ ውስጥ ከተጠራቀመ ቤት ያፈርሳል።

አሠራሩን እኔ የገባኝን ያህል ልንገራችሁ። የሚመረመረው ነገር በመርፌ ይገባል፤ ተንኖ በረጅምና ቀጭን ጥምጥም ቱቦ ውስጥ ያልፋል። እዚያ ሲሄድ ይለያያል፤ አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይዘገያል። መጨረሻው እሳቱ ነው። ሃይድሮጂን ብቻውን ሲነድ ኤሌክትሪክ የለውም ማለት ይቻላል። አልኮል ወይም ዘይት ገብቶ ሲቃጠል ግን ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። ከነበልባሉ በላይ ያለች የብረት ቱቦ ትሰበስባቸዋለች፤ ማሽኑ መስመር በሚስልበት ወረቀት ላይ ጉብታ ይነሳል። ውሃን ይኸ እሳት አያየውም። ንጹሕ ውሃ ብትወጋው መስመሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ብዙው ሥራ ጽዳት ነው። እሳቱ የሚወጣባት ቀዳዳ ጄት ትባላለች፤ ከመርፌ ዓይን ትጠባለች። ጊዜ ሲሄድ ነጭ ዱቄት ይጋገርባትና እሳቱ መቆም ያቅተዋል። ሌላው ጠላት ጥድፊያ ነው። ሃይድሮጂን ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ስለሚቆይ ማታ ማታ እናጠፋ ነበር። ጠዋት ሥራ ሲበዛ ሰው ማሽኑ ሳይግል ከለኮሰ፣ እሳቱ የሚያወጣው ውሃ እዚያው ውስጥ ይቀርና ብረቱን ያዝገዋል። መጀመሪያ ከፈላ ውሃ በላይ ማጋል፤ ከዚያ መለኮስ።

በዚያ ክረምት ሸዋ ቤንች አካባቢ ለቅሶ ላይ አረቄ የጠጡ ሰዎች ሞቱ። ከሞት የተረፉት ዓይናቸው ጠፋ። አረቄውን ወደ ድንኳኑ ያመጣው ታናሽ ወንድሜ ደምሴ ነው፤ መንገድ ዳር ትንሽ መጠጥ ቤት ነበረችው። እሱም ጠጥቶ ዓይኑ ጠፋ። አረቄውን የሸጠችለት እትዬ አስካለ ናት፤ ባልዋ የሞተባት፣ አረቄ አውጥታ ልጆች ያሳደገች። እሷ ታሰረች። ሕዝቡ የአረቄ ማውጫዋን ሰባብሮ ቤቷን አቃጠለ።

ሳጅኑ ሁለት ጠርሙስ ይዞ መጣ። አንዱ ከቃጠሎው ከተረፈው የአስካለ ጎተራ የተገኘ፣ ሁለተኛው ከድንኳኑ ጀሪካን የተረፈ ነው።

«መርዙ የማነው?» አለ። «ሴትዮዋን ጣቢያ ድረስ መጥተው ሊገድሏት ነው።»

ሰሚራ ማሽኑን አሳየችው። እሳቱ መቆም ካቃተው ሰንብቶ ነበር።

ከሰዓት ደምሴን ልጠይቅ ሆስፒታል ሄድኩ። ዓይኖቹ ተከፍተው ጣራውን ያያሉ፣ አያዩም። በድምፄ አወቀኝ።

«ጋሼ፣ ያ ማሽናችሁ ይሠራል?»

«ተበላሽቷል።»

 ከዚያ እጄን ፈልጎ ያዘና «እንደተበላሸ ይቆይ» አለኝ።

ሌላ አልጠየቅኩትም። ከቤቱ ጓሮ አንድ ሰማያዊ ጀሪካን አይቼ ነበር፤ ያን ጊዜ ናፍጣ መስሎኝ አልፌዋለሁ።

በማግስቱ ሰሚራ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ደምሴ ወንድምዎ መሆኑን ለሳጅኑ ነግሬዋለሁ። ቤቴ ልሂድ ቢሉኝ አይከፋኝም። ግን ሌላ ሰው የለኝም።»

«ጄቷን እንፍታ» አልኳት።

ፈታናት። በቀጭን ሽቦ ቀዳዳዋን ከፈትኩ፤ ሰብሳቢውን ቱቦ ሜታኖል በሚባለው፣ ቢጠጣ ዓይን በሚያጠፋው አልኮል አጠብኩ። በባዶ እጅ አይነካም፤ የጣት ወዝ እንኳ ይቃጠልና ወረቀቱ ላይ ይወጣል። መልሰን ገጠምን። መጋጠሚያዎቹን ሳሙና ውሃ ቀባሁ፤ አረፋ የለም። ማሽኑ እስኪግል ተቀመጥን። የሃይድሮጂኑ ግፊት መለኪያ ወደ ታች ወርዶ ነበር። አንዴ ቢባክን የሚቀጥለው መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም።

እሷ ወጥታ ከፈተች። ለኮስኩ። «ጶ» አለ። ማንኪያውን ያዝኩ።

ወዛ።

ቆምኩ። «ዝጊ» ብላት ትዘጋለች። ማንኪያውን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

«ጋሽ ወልዴ» አለች ከውጭ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። «ወዛ?»

አስካለ ጣቢያ ውስጥ ምን እያሰበች እንደሆነ መጣብኝ። የደምሴ እጅም መጣብኝ።

«ወዛ» አልኩ።

መጀመሪያ የምናውቀውን ሜታኖል ወጋች፤ ጉብታው የት እንደሚወጣ አየን። የአስካለ አረቄ የየትም አረቄ ነበር፤ ሜታኖሉ ከየትኛውም አረቄ የማይጠፋው ዓይነት ጠብታ ነው። የድንኳኑ ሲወጋ ግን ያቺ ጉብታ ወረቀቱን አልፋ ወጣች።

«ያጠብንበት ቀርቶ ይሆናል» አልኩ። «ቱቦውን በሜታኖል ነው ያጠብኩት።»

ሰሚራ አልተከራከረችኝም። መርፌውን አጥባ ንጹሕ ውሃ ወጋች። ሁለታችንም ወረቀቱን አየን። መስመሩ ቀጥ ብሎ ሄደ።

«ልድገመው?»

«ድገሚው።»

ውሃውን ደገመችው፤ ቀጥ አለ። የድንኳኑን ደገመችው፤ ጉብታው እዚያው ቦታ ተነሳ። ሦስተኛ ልጠይቃት ስል ቀና ብላ አየችኝ፤ ተውኩት።

አስካለ ተፈታች። የሚጠብቃት ቤት ስላልነበረ ቱም ከተማ ወዳለች ልጇ ሄደች። ደምሴ ከሆስፒታል ወደ ማረሚያ ቤት ተወሰደ። ስጠይቀው ነገረኝ፤ አረቄው ለለቅሶተኛው አልበቃ ብሎት ከመኪና ሹፌር በዚያ ሰማያዊ ጀሪካን የገዛውን ስፒሪቶ፣ የማቀጣጠያ አልኮል፣ ጨምሮበታል።

«ሸተትኩት» አለኝ። «አልኮል አልኮል ነው የሚለው። እኔም እኮ ጠጥቼዋለሁ፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ።»

«ማሽኑን አንተ ነህ የሠራኸው?»

«እኔ ነኝ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ በኋላ ብመላለስም የተናገረኝ ነገር የለም። እዚያው ታሞ አረፈ።

ለወጣቶቹ ሥራውን ሳስረክብ የነገርኳቸው ይኸን ነው። ማሽኑ ሳይግል አትለኩሱ። መጋጠሚያውን ሁሌ ሳሙና ቀቡ። ናሙና ከመውጋታችሁ በፊት ውሃ ውጉ። እሳቱ ይነዳል አይነድም በዓይናችሁም በልባችሁም አትወስኑ፤ ማንኪያ ያዙበት፣ ያያችሁትንም ተናገሩ።

ደምሴን የቀበርን ዕለት ዘመዶቼ ድንኳኑ ውስጥ ከእኔ ራቅ ብለው ተቀመጡ። የያዝኩት አግዳሚ ባዶ ነበር። አንዲት ሴት ጫማዋ ጭቃ እንደያዘ ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ድንኳኑ እስኪፈርስም በየቀኑ መጥታ እዚያው ተቀመጠች። ሰሚራ ናት።