የእናቴ በርበሬ

አባቴን ያሳመመው የእናቴ በርበሬ ነው ብላ ለኮልፌ ሁሉ ያዳረሰችው የአባቴ ታላቅ እህት ናት። አክስቴ የምትኖረው ጦር ኃይሎች ነበር። እሁድ እሁድ በአውቶቡስ ትመጣና ገና ሳትቀመጥ ጓዳ ገብታ ድስት ትከፍታለች። "ወንድሜን በቁሙ ጠበሽው" ትላታለች። እናቴ "እሺ እትዬ" ብላ ድስቱን ትከድናለች።

የአባቴ ሕመም ጨጓራ ተባለ። በዚያ በደርግ ዘመን ጨጓራውን የማያመው ጎልማሳ ስላልነበረ ማንም አልደነገጠም። ሆዱ ይቃጠላል፣ ያስመልሰዋል፣ ተቅማጡ ሰው ፊት ያዋርደዋል። ከቀበሌ ስብሰባ እያቋረጠ ሲወጣ "አድኃሪ" ያሉትም አልጠፉም። በቀዶ ሕክምና የጨጓራውን ቁስል አወጡለት፤ ብዙም ሳይቆይ ሌላ ቁስል ወጣ። አክስቴ "አላልኳችሁም?" አለች።

እናቴ በርበሬ የሚባል ነገር ከቤት አስወጣች። ተልባ ቆልታ በጠበጠች፣ ከቤቴል ወዲያ ድረስ በእግሯ እየሄደች ወተት አመጣች፣ ዓመት ከዓመት አልጫ ሠራች። ለአባቴ ቀይ ወጥ ነፍሱ ነበር። መሶቡ ሲከፈት "ዛሬም?" ይላል፤ እሷ ፊቷን ታዞራለች። እኛ ልጆቹም አብረን ተቀጣን። ሕመሙ ግን ባሰበት እንጂ አልተሻለውም።

በመጨረሻ አንድ ሐኪም ሁለቱን ሴቶች አስቀምጦ ነገራቸው። ቆሽቱ ላይ ዕጢ በቅላለች፤ ጨጓራው ያለ ልክ አሲድ እንዲያመነጭ የምታደርገው እሷ ናት፤ ከስንት ሰው አንዱን የሚይዝ በሽታ ነው፤ አሁን ወደ ጉበቱ ተዛምቷል። እናቴ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"በርበሬ ነው ያመጣው?"

"አይደለም፣ እህቴ። ምግብ አያመጣውም።"

እናቴ ዞር ብላ አክስቴን አየቻት። ስንት ዓመት የጠበቀችው ቃል ነበር። አክስቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ "ዕጢዋንስ ታዲያ ምን አበቀላት?" አለች። ይህን የሰማሁ ዕለት ጠላኋት፤ ዛሬም ይቅር አላልኳትም።

አባቴ ሳይከርም ሞተ። በአርባው እናቴ ከስንት ዘመን በኋላ በርበሬ ገዝታ ዶሮ ወጥ ሠራች፤ ደም የመሰለ ወጥ። ለአክስቴ በገዛ እጇ አወጣችላት። አክስቴ በላች፤ ደግማ አስጨመረች። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች፣

"እጅሽ ይባረክ" አለቻት። "ምነው ወንድሜ ይቺን ቀምሶ በሞተ።"