ዝናብ የሚወስደው የጭቃ ሰው

ሰው ፎቶግራፍ ማንሳት አልወድም ነበር። ሰው አይረጋም። ያነጥሳል፣ ዝንብ ያባርራል፣ "አለቀ እንዴ?" ብሎ ቀና ይልና መልኩ የሚቀረጽበትን መስታወት ያበላሻል፤ ከዚያ ደግሞ "ይሄ እኔን አይመስልም" ብሎ ይጣላሃል። ስለዚህ በሄድኩበት አገር ሁሉ የማነሳው ደጅ የቆመውን፣ የሰው እጅ ያረፈበትን ነገር ነበር፤ የመቃብር ድንጋይ፣ የተጠረበ ምሰሶ፣ የተቀባ ግድግዳ። ሐረር ላይ ሥራውን ያስተማረኝ አርመን ጌታዬ በዚህ ይስቅብኝ ነበር። "እንጀራው ያለው ከሕያው ሰው ዘንድ ነው፤ አንተ ከግዑዝ ጋር ምን አጋባህ?" ይለኛል።

ያን ዓመት ከአሶሳ ወደ ጉባ ከሚሻገሩ ሲራራ ነጋዴዎች ጋር ተነሳሁ። መኪና የሚባል ነገር በዚያ አገር ያልታየበት ዘመን ነው። የፎቶግራፍ ሳጥኔን፣ ማቆሚያ እግሮቹን፣ መስታወቶቼንና የመድኃኒት ጠርሙሶቼን የተሸከመችው አንዲት ተራጋጭ በቅሎ ነበረች፤ እሷ በዘለለች ቁጥር የእኔም ልብ ይዘላል። ቱርጁማናችን የአሶሳ ተወላጅ፣ የበርታ ሰው፣ እስላም ነጋዴ ነው። ጉሙዝኛውንም ዓረብኛውንም አሳምሮ ይናገራል። አማርኛው ግን ወንድና ሴት አይለይም፤ እናቱንም "እሱ" ነው የሚላት። አልሳቅሁበትም ብል ውሸት ነው፤ እኔ ግን ከእሱ ቋንቋዎች አንዱን እንኳ አልችልም ነበር።

ወደ አባይ ስንወርድ ቆላው ውስጥ ካለች አንዲት የጉሙዞች መንደር ደረስን። ክረምቱ ሊገባ ነው፣ ሰማዩ ከብዷል። ከመንደሩ መግቢያ፣ ከመንገዱ ዳር፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሏል። ጠጋ ብዬ ሳየው ጭቃ ነው። በቀይ የኩይሳ አፈር የተበጀ፣ ቁመቱ እስከ ወገቤ የሚደርስ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ያሳረፈ፣ አንድ ትከሻውን ከሌላው ዝቅ ያደረገ፤ ሲቆፍር ውሎ የደከመው ገበሬ እንዲሁ ነው የሚቀመጠው። ዓይኖቹ ሁለት ነጭ ጠጠሮች ናቸው። ብዙ ሐውልት አይቻለሁ፤ አሁን ይነሳል ብዬ የጠበቅሁት ግን ያን ብቻ ነው። ነጋዴዎቹ "ኧረ ዝናቡ መጣ!" እያሉ ሲጮሁብኝ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ሳጥኔን ተከልኩ።

ወጣልኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የወጣልኝ ሥራ የለም። ሲነጋ መስታወቱን በጨርቅ ይዤ እየዞርኩ ለሽማግሌዎቹ ሁሉ አሳየሁ። ሰው የሠራውን ሲያሳይ ደስ ይለዋል፤ በዚህ አላፍርም።

የሐውልቱን ነገር ያስረዳኝ ከዚያ በኋላ ቱርጁማኑ ነው። "ይሄ ባል ነው" አለኝ። "ሞተ። ሚስት ሠራው። አሁን ዝናብ ይመጣል፣ ይበላዋል። በልቶ ሲጨርስ፣ ኻላስ! ባል ሄደ። ሚስት ወደ ፈለገ ይሄዳል።"

ሌላ ቦታ አላየሁትም፤ በዚያች መንደር ግን ወጉ ይህ ነበር። ባሏ የሞተባት ሴት ምስሉን በጭቃ ትሠራለች። ምስሉ ቆሞ እስካለ ድረስ ከባሏ ዘመዶች ግቢ አትወጣም፣ ታገለግላለች። ዝናብ ወስዶት መሬቱ ልሙጥ ሲሆን ግን ባልየው "በቃሽ፣ ሂጂ" እንዳላት ይቆጠራል፤ ዋርሳዋን ታገባለች፣ ወይም ወደ ወላጆቿ ትመለሳለች፤ ምርጫው የራሷ ነው። ዋርሳዋን፣ የባሏን ወንድም፣ አይቼዋለሁ። ደረተ ሰፊ፣ ሳቂታ ሰው ነው። የመጀመሪያ ሚስቱ ግን እያነከሰች ነበር የምትሄደው፤ ያነከሰችውም በእሱ ዱላ መሆኑን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ምስሉን የሠራችው ሴትዮ ከዚህ ሰው እጅ ማምለጫዋ ያ ዝናብ ብቻ ነበር።

አባይ ሞልቶ መሻገር ስላቃተን ከመንደሩ ጥግ ሰፍረን ከረምን። ዝናቡ በየቀኑ ይወርዳል። ሴትዮዋ ረዥም፣ ቀጭን ናት፤ ዝናብ በጀመረ ቁጥር ሥራዋን ትታ ወጥታ ከምስሉ ፊት ትቆም ነበር። መጀመሪያ አፍንጫው ሄደ። ከዚያ ዝቅ ያለው ትከሻው ተንዶ ወደቀ። እኔ እንዲያ ያለ ሥራ እንደ ተራ አፈር ሲፈርስ ማየት አልቻልኩም። እሷ ግን አትሸፍነውም፣ አትነካውም። በመጨረሻ ጠጠሮቹ ብቻ ልሙጥ መሬት ላይ ሲቀሩ ጎንበስ ብላ አነሳቻቸውና ወንዝ ወርዳ ገላዋን ታጠበች።

ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል። በማግስቱ ዋርሳው ሽማግሌዎቹን ሰበሰበ። "ወንድሜ የት ሄደ?" አለ። "ይኸው እንግዳው ሳጥን ውስጥ ቁጭ ብሏል። ሁላችሁም በዓይናችሁ አይታችኋል። ምስሉ ሳይጠፋ ሚስቱ የት ትሄዳለች?"

ዛፍ ሥር ተጠራሁ። የነጋዴዎቹ አለቃ በጆሮዬ "ዝም አይነቅዝም፣ ተጠንቀቅ" አለኝ፤ ዝም ማለት ግን አልተቻለም፤ መስታወቱን አምጣ ተባልኩ። አመጣሁ። መስታወት ላይ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው። አንድ ሽማግሌ አተኩሮ አየና "ይሄ እኮ ነጭ ነው፤ የእኛ ሰው አይደለም" አለ። ተስፋ ያደረግሁት ለአፍታ ነበር። ዋርሳው ሳቀና "የሞተ ሰው አይነጣም እንዴ?" ብሎ መለሰ። ሴትዮዋ ከሴቶቹ መካከል ቆማ ትሰማ ነበር። እዚያ አገር መንገድ ባልመራኝ ኖሮ እያልኩ ራሴን ረገምኩ።

ሽማግሌዎቹ ብዙ ተነጋገሩ። በመጨረሻ "ጭቃውን ሰማይ ወሰደው፤ ይህም ሰማይ ሥር ይቀመጥ። ሰማይ ከወሰደው ሄዷል፤ ካልወሰደው አለ ማለት ነው" ብለው ፈረዱ። ዋርሳው መስታወቱ ይቀመጥ አለ። እኔ ደግሞ መስታወቴን ነፍሴ ወዳዋለች፤ "መስታወት ከብት ይረግጠዋል፤ መልኩን ወረቀት ላይ አወጣላችኋለሁ" አልኩ። ተስማሙ።

በኛ ሥራ ወረቀቱ ላይ መልክ የምታወጣው ፀሐይ ናት። መልኩ ከወጣ በኋላ መድኃኒት ውስጥ ካልተነከረ ግን ያወጣችው ፀሐይ ራሷ መልሳ ታጠፋዋለች። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። በዚያው ቀን በደመናው ብርሃን መልኩን ወረቀት ላይ አወጣሁ፤ መድኃኒቱን ግን አላስነካሁትም፤ ለማንም አልተናገርኩም።

በማግስቱ ዝናቡ ጋብ አለ። ወረቀቱን በሟቹ ባል መቃብር ላይ ዘርግተው ጠርዙን በድንጋይ ያዙት። ዋርሳው ደስ ብሎት ከአጠገቡ ተቀመጠ፤ ዝናብ የለም፣ ማን ይወስደዋል? ፀሐይ እየከረረች ስትመጣ መልኩ ቡናማ ሆነ። ሕዝቡ ተጠግቶ ያያል። ዓይኖቹ ጠፉ፣ ፊቱ ጠፋ፣ ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቂያዋ ስታመራ ወረቀቱ እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቁሮ ቀረ። ሽማግሌዎቹ ተነሱና "ሄዷል" አሉ። ዋርሳው ከጎኔ ሲያልፍ ቆም ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝና እግሬ ሥር ተፋ። ፈራሁት። ደስም ብሎኝ ነበር፤ መስታወቴም ተረፈ፣ ሴትዮዋም ተረፈች፣ አልኩ።

ጠዋት ሴትዮዋ ከቱርጁማኑ ጋር ወደ ድንኳኔ መጣች። የአገሩ ሴቶች እንደሚሸከሙት ትከሻዋ ላይ እንጨት አጋድማ፣ በሁለቱ ጫፍ ቅርጫት አንጠልጥላ፣ ለመንገድ ተዘጋጅታለች። እናቷ ያለችበት መንደር ወንዝ የማያሻግር የአንድ ቀን መንገድ ነው። ሸክሟን አወረደችና መስታወቱን አሳየኝ አለች። ልትሰብረው ነው ብዬ እጄን እንኳ ለመዘርጋት ሰጋሁ። ግን ሰጠኋት።

ወደ ብርሃኑ ያዘችው። እንባዋ ወረደ፤ ለማበስም አልሞከረችም። ቱርጁማኑ እየተከተለ ይተረጉም ነበር። "እኔ ሲሠራ ይሄ ትከሻ ባሌን አልመሰለም ነበር" አለ በእሷ ፈንታ። "አሁን ይመስላል። ጥሩ ሰው ነበር። አንድ ቀን አልመታኝም።"

ከዚያ "ይህን የት ትወስደዋለህ?" ብላ ጠየቀችኝ። ሐረር፣ ምናልባትም ባሕር ማዶ፣ ብዙ ሰው ያየዋል አልኳት። በኩራት ነው የተናገርኩት።

"ስሙን ያውቃሉ?"

አያውቁም አልኩ።

መስታወቱን መለሰችልኝ፤ ሸክሟን ግን አላነሳችም። ቱርጁማኑ ዝቅ ባለ ድምፅ ተረጎመላት፦ "ሽማግሌ ሄደ አለ። ለሽማግሌ አልቋል። ለእኔ አላለቀም። እሱ ሳጥን ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ እኔ ጥሎት ይሄዳል? ባል እኔን ለቀቀ። እሱን ማን ይለቀዋል?"

ተናደድኩ። ለእሷ ብዬ መንደር ሙሉ ሰው አታለልኩ፣ አሁን ደግሞ ይሄን ትለኛለች? ሂጂ፣ መንገዱ ክፍት ነው፣ ምን ቀረሽ? ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አልሄደችም። ከድንኳኑ ፊት ቁጭ አለች። ከግቢው በኩል ዋርሳው ቆሞ እያየን ነበር፤ እየሳቀ። ትንሽ ከቆየች ደግሞ ልትቀር እንደምትችል ያኔ ገባኝ።

ውሃ አሞቅሁ። መስታወቱን ገበታ ላይ አጋድሜ ሙቁን ውሃ ቀስ እያልኩ አፈሰስኩበት። መልኩ የያዘው ስስ ልባስ እንደ ወተት ስልባቦት ተሸብሽቦ ተላቀቀ። እሷ በመዳፏ ተቀበለችው፤ መቃብሩ ዘንድ ወስዳ እርጥቡ አፈር ላይ አኖረችውና በእግሯ ሳይሆን በእጇ ደልድላ ቀበረችው። ተመልሳ ሸክሟን አነሳች። ዞር ብላ አላየችኝም፤ ዋርሳው በቆመበት በኩልም አላየችም። ቁልቁል ወርዳ ሣሩ እስኪሰውራት ድረስ ቆሜ ተመለከትኩ።

ከዚያ ባዶውን መስታወት እንደያዝኩ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ቱርጁማኑ ለእሷ ያለቀስኩ መስሎት "አይዞህ፣ ደኅና ይደርሳል" አለኝ። ያለቀስኩት ግን ለሥራዬ ነበር፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።