ጉድጓዱ አፍ ላይ «ቤቶች!»

ቀወት ቆላ ውስጥ የአዋልዲጌሳ ጉድጓድ ጋ ስንደርስ አጎቴ «ቤቶች!» ብለው ይጣሩ ነበር። የዚህን ምስጥ በል አውሬ የአንጀት ትላትል የማጠናው እኔ ነኝ፤ አይነ ምድሩን አፈር ስለሚያለብሰው ቆፍሬ እወስዳለሁ።

«ጋሼ፣ አውሬ ‹አቤት› ይላል እንዴ?» አልኳቸው አንድ ቀን እየሳቅሁ።

«ቤቱ አይደል? ሳንጣራማ ደጁን አንነካም» አሉና ጆሯቸውን ወደ ጉድጓዱ ጣል አድርገው፣ «ግቢ ብለውሻል» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜም እንዲሁ ነበር።

ጋሼን ከቀበርን ወዲህ ዛሬ ገና ብቻዬን ወረድኩ። የጀመርነውን አልተውም። «ቤቶች!» ብዬ ተጣራሁ። ይቀመጡበት የነበረው ድንጋይ ባዶ ነው። ትንሽ ጠበቅሁ። የሚመልስልኝ ስላጣሁ፣ እኔው ለራሴ «ግቢ ብለውሻል» አልኩና ዶማዬን አነሳሁ።