ከቁርስ በኋላ ሁለት መርፌ

ስለ አንድ ያረጀ ውሻ ሕመም መጻፍ ተገቢ ይሁን አይሁን አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም። ሰው ኢንሱሊን አጥቶ ከፋርማሲ ፋርማሲ በሚዞርበት ከተማ፣ እኛ ለውሻ እንገዛ ነበር ብሎ መናገር ራሱ ያሳፍራል። ጀምሬ የተውኩትም ለዚህ ነው። በኋላ ግን የአባቴን ሕመም ያለ ውሻው መናገር እንደማልችል ገባኝ። ስለዚህ የሆነውን በሆነበት ቅደም ተከተል ለመጻፍ እሞክራለሁ።

የምንኖረው ሀዋሳ፣ ከሌሎች ሦስት ቤተሰቦች ጋር በምንጋራው ግቢ ውስጥ ነው። እናቴ ካረፈች ቆይታለች፤ ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና አባቴ ብቻ ነን። አባቴ አናጺ ነበሩ። ውሻውን ገና ቡችላ ሳለ ከሚሠሩበት ጣውላ ቤት በካፖርታቸው ጠቅልለው ነው ያመጡት። ሥራ ካቆሙ በኋላም ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ አብረው ይቀመጡ ነበር፤ አባቴ ወንበር ላይ፣ እሱ እግራቸው ሥር። ዩኒቨርሲቲ የደረሰኝ እዚሁ ከተማችን ስለነበር እኔም ከቤት እየተመላለስኩ መማር ጀመርኩ።

ሕመሙ የታወቀው በውሃ ነው። ውሻው የተቀመጠለትን ውሃ ጨርሶ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ አፉን ይከት ጀመር። የጠጣውን ያህል ደግሞ ይሸናል፤ በየበሩ፣ በየደጃፉ። ሽንቱ ላይ ጉንዳን ይሰፍራል። አጠገባችን የምትኖረው አትክልት ሻጭ አንድ ቀን መጥረጊያ ይዛ ወጣች።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ውሻችሁ ግቢውን ሐይቅ ሊያደርገው ነው እኮ!»

«ምን ቸገረን፣ ዓሣ እናረባበታለን» አለ ባጃጁን የሚያጥበው ጎረቤታችን።

«አንተ ምን አለብህ፣ በአንተ በር አልሸናም።»

እኔ ይቅርታ ጠይቄ መጥረጊያውን ከእጇ ተቀበልኩ። በዚያው ሳምንት ውሻውን የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ሐኪሙ ደሙን መርምሮ ስኳር ነው አለን። ቆሽቱ ኢንሱሊን የሚባለውን ሆርሞን ማመንጨት አቁሟል፤ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ጠዋትና ማታ፣ ምግቡን ከበላ በኋላ ኢንሱሊኑን በመርፌ መወጋት አለበት፤ ከዚያ ውጪ ምንም መቅመስ የለበትም።

«ከእኔ ተጋብቶበት ነዋ» አሉ አባቴ።

«ኧረ ጋሼ፣ ስኳር አይጋባም» ብሎ ሐኪሙ ሳቀ። አባቴ አልሳቁም።

እሳቸውም ስኳር ከያዛቸው ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። የሚውጡት ኪኒን መሥራት በማቆሙ ጤና ጣቢያ መርፌ ይጀምሩ ብለዋቸው ነበር። እሳቸው ግን እምቢ አሉ። በእኛ ሰፈር መርፌ የጀመረ ሰው አበቃለት ይባላል። ብዙዎቹ መርፌውን የሚጀምሩት ሰውነታቸው ካለቀ በኋላ ስለሆነ፣ ሰው ሲያይ የገደላቸው መርፌው ይመስለዋል። አባቴ እንዲህ ያሉ ጓደኞቻቸውን ቀብረዋል። ስለዚህ ነገሩን ባነሳሁ ቁጥር፣ «እኔን ለመቅበር ምን አስቸኮለሽ?» ይሉኛል፤ እኔም አባቴን መከራከር ስለማልወድ ዝም እላለሁ።

ሐኪሙ መጀመሪያ ብርቱካን ላይ አለማመደኝ፤ ከዚያ ውሻው ላይ። የአንገቱን ቆዳ በሁለት ጣቴ አንስቼ ከሥሩ እወጋዋለሁ። መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ የኢንሱሊኑን ብልቃጥ እንዳይሞቅ በላስቲክ ቋጥሬ ውሃ ባለበት የሸክላ እንስራ ውስጥ አስቀምጠው ነበር። ውሻው ቀስ በቀስ ውሃው ቀነሰለት፤ ጎኑ ላይ ይቆጠር የነበረው አጥንትም ሥጋ ለበሰ። አባቴ ይህን ሁሉ ወንበራቸው ላይ ሆነው ያያሉ። አንድ ቀን ጠዋት መርፌውን ስነቅል፣

«አይጮህም እንዴ?» አሉኝ።

«አይጮህም አባባ። የተሰማውም አይመስልም።»

ሻያቸውን ጠጥተው ጨረሱ። ከዚያ፣ «እንግዲያው ለእሱ ስትወጊ ለእኔም ውጊኝ» አሉ። «እሱ ያቆመ ዕለት ግን እኔም አቆማለሁ።»

ደስታዬ ስለበዛ የመጨረሻውን ነገር እንደ ቀልድ ቆጠርኩት። ጤና ጣቢያ ሄደን መጠኑ ተወሰነላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ከቁርስ በኋላ ሁለት መርፌ እወጋ ነበር፤ መጀመሪያ ለውሻው፣ ቀጥሎ ለአባቴ፤ ማታ ደግሞ ውሻውን ብቻ። ብልቃጦቹ እንዳይምታቱብኝ የውሻው ላይ ቀይ ክር አስሬበታለሁ። የባጃጁ ሹፌር ሲያልፍ፣ «ዶክተር፣ ወረፋ ልያዝ?» ይለኛል። አባቴ ግን ከልባቸው ነበር። ውሻው ምግቡን ትቶ የዋለ ዕለት ሐኪሙ መጠኑን ቀንሼ እንድወጋው ቢነግረኝ፣ አባቴ ውሻው እስኪወጋ ድረስ ሸሚዛቸውን አልገለጡልኝም። ቀልድ እንዳልነበረ ያን ዕለት ገባኝ። ከዚያ በኋላ ውሻው ባሳለ ቁጥር እኔ የምፈራው ለአባቴ ነበር።

የትምህርቱ ሁለተኛ መንፈቅ ሲጀመር የውሻው ዓይኖች ነጡ። ሐኪሙ ከስኳሩ የመጣ ነው፣ መርፌው ይህን አይመልሰውም አለ። ከወንበር እየተጋጨ፣ ከደረጃ እየወደቀ ግቢው ውስጥ ይንቀሳቀስ ጀመር። አባቴ በከዘራቸው መሬቱን እየመቱ በድምፁ ያስከትሉታል። የእሳቸውም ዓይን ደክሞ ስለነበር፣ «ሁለታችንም ጉም ገባብን» ይሉት ነበር።

ዐቢይ ጾም ገባ። እኛ ፕሮቴስታንት ነን፤ ጎረቤቶቻችን ኦርቶዶክሶች ናቸው። ግቢው ሲጾም እኛም ሥጋ ደጅ አንጠብስም። ውሻውን እንዳይመግቡት ለሁሉም በየበራቸው እየሄድኩ ነግሬያቸው ነበር፤ ለወራትም አክብረውልኛል። አትክልት ሻጯ ግን እንደገና መክሳቱን ስታይ፣ «ይሄ ምስኪን ከእኛ በላይ ጾመ» እያለች ከንፈሯን ትመጥጣለች።

ፋሲካ ጠዋት ግቢው ውስጥ በግ ታረደ፤ ሁሉም ቤት ዶሮ ሠርቷል። እኔ ከቤት ቤት ስጠራና ስበላ፣ ሳሕን ሳጥብ ዋልኩ። ማታ ላይ ውሻው ማስመለስ ጀመረ። በማግስቱ ጠዋት መቆም አቃተው። ሆዱን ስነካው አቃሰተ። ጎረቤቶቹ ተሰበሰቡ።

«ምን በልቶ ነው?» አልኩ።

አትክልት ሻጯ፣ «እኔ ትንሽ አጥንት ነው የጣልኩለት» አለች። «በፋሲካ ምድር እንዴት ባዶ አፉን ይዋል? ሌላው መቼም አይሰጠውም ብዬ እኮ ነው።»

«እኔም የዶሮ ቆዳ ሰጥቼዋለሁ» አለ ሹፌሩ።

ከወዲያኛው ቤት ያለችው ሴት ደግሞ ድፎ ዳቦ በወጥ አርሳ እንደሰጠችው ተናገረች። እያንዳንዳቸው ብቻቸውን የሰጡ መስሏቸው፣ ከእኔም ከሌላውም ተደብቀው አብልተውታል። ከሦስቱ በአንዳቸውም መናደድ አልቻልኩም። ዓመት በዓል በነበረበት ግቢ አንድ ፍጡር ሳይበላ እንዳያድር ነበር ሐሳባቸው።

«የበጉን ስብ የሰጠሁት እኔ ነኝ» አሉ አባቴ ከወንበራቸው። «ሽታው ሸቶት ሲንቀጠቀጥ አየሁት። እኔ እየበላሁ።»

ሹፌሩ ባጃጁን አስነስቶ ወሰደን፤ መንገዱን ሙሉ አንድም ቀልድ አልወጣውም። ሐኪሙ ቅባቱ ቆሽቱን እንዳቃጠለው፣ ስኳሩም ከቁጥጥር እንደወጣ ነገረን። ወደ አፉ ጠጋ ብዬ እንዳሸት አደረገኝ፤ እንደ በሰበሰ ፍራፍሬ ይሸታል። በደም ሥሩ ፈሳሽ እየሰጠ ሊሞክር ይችላል፤ ነገር ግን በዚህ ዕድሜው ተስፋው ትንሽ ነው፣ ስቃዩም ይረዝማል አለ።

«እንግዲያው አሳርፈው» አሉ አባቴ።

ራሱን ጭናቸው ላይ አድርገው ያዙት። ሐኪሙ ወጋው። ያኔም አልጮኸም።

በሰፈራችን ውሻ አይቀበርም። አባቴ ግን ከግቢው ጀርባ ራሳቸው ሊቆፍሩ ሲነሱ ሹፌሩ አካፋውን ተቀበላቸው። አትክልት ሻጯ መጥታ አጠገባቸው ቆመች፤ እግዜር ያጽናዎት እንዳትል የሞተው ውሻ ነው። ትንሽ ቆማ ተመለሰች።

በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ከበሉ በኋላ ሲሪንጁን ይዤ ቀረብኩ።

«ተይው» አሉኝ።

«አባባ፣ እባክዎ።»

«ነግሬሽ ነበር።»

ለመንኳቸው። አለቀስኩ። አትክልት ሻጯም መጥታ፣ «ጋሼ፣ በእኛ ጥፋት ራስዎን አይጉዱ» ብትላቸው፣ «ጥፋቱ የእናንተ አይደለም» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በየቀኑ ጠዋት እቀርባለሁ፤ በየቀኑ ተይው ይሉኛል። እኔ ደግሞ አባቴን ታዝዤ ያደግኩ ልጅ ስለሆንኩ ከልመና ያለፈ ነገር አላውቅም ነበር። ትምህርቴን ትቼ አጠገባቸው ዋልኩ። ውሃ መጠጣት አበዙ። ከዚያ መብላት ተዉ። አንድ ቀን ትራሳቸውን ሳስተካክል ከአፋቸው ያ ሽታ መጣብኝ፤ አተነፋፈሳቸውም እንደሮጠ ሰው ሆኖ ነበር።

ፈቃዳቸውን አልጠየቅኩም። ሹፌሩ ታቅፎ ባጃጁ ላይ አስገባቸው። ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ መድኃኒቱን ለምን እንዳቋረጡ ጠየቀችኝ። ስለ ውሻው መናገር አፈርኩ፤ ቢሆንም ነገርኳት። አልሳቀችም። ወዲያው መርፌውን አዘጋጀች።

ከቀናት በኋላ ሲነቁ ክንዳቸው ላይ የተሰካውን ቱቦ አዩ።

«ማን ፈቅዶ ነው?»

«እኔ ነኝ አባባ።»

ለረጅም ጊዜ አዩኝ። የተቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ግን የደከማቸው ብቻ ነበር። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

አሁን መርፌውን የሚወጉት ራሳቸው ናቸው። ክፍላቸውን ዘግተው ይወጋሉ፤ ላግዝዎ ስላቸው አይመልሱልኝም። በረንዳ ላይ መቀመጥ ትተዋል። ሲያናግሩኝም ስለ ፈተናዬ ብቻ ነው፤ እኔም ስለ ፈተናዬ ብቻ እመልሳለሁ። ከሆስፒታል የወጡት ግንቦት 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው።