ጫፉ ወደ ታች

ከክላፋም ከሥራ ተመልሼ አርችዌይ ቤቴ ስደርስ ገና አሥር ሰዓት ተኩል ነበር፤ የለንደን ኅዳር ነውና ጨልሟል። በሩን ስከፍት ቤቱ መብራት የለውም። እናቴ ሳሎን መሬት ላይ ተቀምጣለች። ያሉን ወንበሮች ሁሉ፣ የወጥ ቤቱ ሳይቀር፣ ግድግዳውን ተጠግተው ተደርድረዋል። የተቀመጠባቸው ሰው ግን የለም።

ነጠላዋን ዘቅዝቃ ጥለቱን አንገቷ ላይ አድርጋለች። እኛ ነጠላ የምንዘቀዝቀው ሰው ሲሞትብን ነው።

«ማን ሞተ?»

«እሱንማ አንተ ንገረኝ» አለች።

መዳፏ ላይ ያለውን ሳይ ገባኝ። ጃኬቴ ላይ የምሰካው ባጅ ነው፤ ጫፉ ወደ ታች የሆነ ሮዝ ሦስት ማዕዘን። ልትጠይቀኝ ከአዲስ አበባ ከመጣች ወር አልሞላትም። ጃኬቴን ልትቦርሽ አንስታ አየችው፤ የተዘቀዘቀ ነገር ስታይ ልጄ ሐዘኑን ደብቆኛል አለች፤ ማን እንደሞተ ሳታውቅ ለቅሶ ተቀመጠች። ሳቄ መጣና ወዲያው ጠፋ። ባዶዎቹን ወንበሮች ማየት ፈራሁ፤ ሰው ያለባቸው ይመስሉ ነበር።

«የሥራ ባልደረባዬ ነው» ብል ይበቃ ነበር። እሷ አልቅሳ ይወጣላታል፣ እኔም እንደተደበቅሁ እኖራለሁ። መደበቁ ሰለቸኝ።

«ጀርመን አገር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ወንድ የሚወዱ ወንዶችን እስረኛ ካምፕ አስገብተው ይህን ደረታቸው ላይ አደረጉባቸው» አልኳት። «ብዙዎቹ እዚያው አለቁ። ጦርነቱ ሲያበቃም የሚያሳስራቸው ሕግ አልተነሳላቸውም፤ ከካምፕ ወጥተው ወህኒ የገቡ አሉ። ኋላ እንደነሱ ያሉ ሰዎች ያለቁት እንዳይረሱ ብለው በፈቃዳቸው አደረጉት። ጫፉን ወደ ላይ የሚያዞሩት አሉ። እኔ እንዳለ ነው የማደርገው።»

«አንተ ምናቸው ነህ?»

«እንደነሱ ነኝ፣ እማዬ።»

የማሞቂያው ቧንቧ ውስጥ የሆነ ነገር ኳኳ አለ። እሷ አልደነገጠችም፤ እኔ ነኝ የዘለልኩት። አሁን ተነስታ ሻንጣዋን ታወጣለች ብዬ ጠበቅሁ። ቀና ብላም አላየችኝ።

«አልቃሽ ነበራቸው?»

«እናቶቻቸው እንኳ ለሰው መናገር ይፈሩ ነበር።»

ክንዴን ስባ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። በረዶ የሆነ እጇን ደረቴ ላይ አድርጋ ልቤ የሚመታበትን ፈለገች፣ አገኘችው፣ ቆየችበት።

«አንተ አለህልኝ» አለችና ለእነዚያ ማልቀስ ጀመረች።