የብራና ማሸጊያ

ብቸና ውስጥ የመኪና ኮፈን ማስከፈት የፈለገ ሰው የሚጠራው ገብረ ሕይወትን ነበር። ሙያውን የተማረው ደብረ ማርቆስ፣ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ነው። አባቱ አካለ ወልድ ግን የመርጡለ ማርያም ብራና ፋቂ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን የፍየል ቆዳ ሲወጥሩና ሲፍቁ ኖረዋል። ከአብዮቱ ወዲህ በብራና መጽሐፍ የሚያስጽፍ ሰው እየጠፋ ሄደ። ሚስታቸውም ሲሞቱ ልጃቸው ብቸና አምጥቶ አስቀመጣቸው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ግድግዳ ተደግፈው ይውሉና ምሳ ሲቀርብላቸው «ምን ሠርቼ?» እያሉ ይገፉት ነበር።

ያን ጊዜ የመኪና ዕቃ ከአዲስ አበባ በቀላሉ አይመጣም። በተለይ ጓርኒሲዮን የሚሉት፣ በሁለት ብረት መካከል ገብቶ ዘይትና አየር የሚከለክለው ስስ ማሸጊያ ጠፋ። አንድ ቀን ገብረ ሕይወት የአንድ ጭነት መኪና የመሪ ሳጥን ሲገጥም፣ ከአባቱ ብራና ቁራጭ ቆርጦ ዘይት ቀባና አስገባበት። አንድ ጠብታ አልወጣም። ይህን በነገራቸው ማግስት ሽማግሌው ጓሮ ወጥተው አዲስ ቆዳ ወጠሩ። ከዚያ በኋላ ምሳቸውን ያለ ልመና ይበሉ ጀመር። ማታ ማታም «ዛሬስ የኔ ብራና የት ገባ?» ብለው ይጠይቃሉ።

የአብዱሰመድ ፒካፕ የመጣው በዚህ መሀል ነው። አብዱሰመድ ጨውና ላምባ የሚያመላልስ የሞጣ ነጋዴ ነው። ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው ካርቡራተር እግሩ ሞተሩ ላይ በሚያርፍበት ቦታ ያለው ጓርኒሲዮን ተበጣጥሶ ነበርና ገብረ ሕይወት በብራና ተካለት። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም እግር ከቤንዚን መስጫው ተነሥቶ መኪናው ሲቆም፣ ጸጥ ብሎ ሠራ። አብዱሰመድ መርቆት ሄደ። በሳምንቱ ተመለሰ።

«ገብሬ፣ ይኼ መኪና አንተ ዘንድ ጨዋ ነው። ሞጣ ሲገባ ግን ወባ እንደያዘው ይንቀጠቀጥና ገበያ መሀል ይጠፋል። ሰው ሁሉ እየገፋ ይስቅብኛል።»

ገብረ ሕይወት መኪናውን አሳድሮ ጠዋት ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ጠረገ፤ የሚኒሞውን ብሎን ጠበቅም ላላም አደረገ። ሞተሩ ጸጥ አለ። አብዱሰመድ ይዞት ሄዶ እንደገና መጣ።

«እንግዲህ ወይ አንተን ይፈራል፣ ወይ እኔን ይንቃል።»

«እኔ የማየው ሁልጊዜ አድሮ፣ ቀዝቅዞ ነው» አለ ገብረ ሕይወት። «አብሬህ እሄዳለሁ።»

በደብረ ወርቅ አድርገው ሞጣ ሲገቡ መኪናው እንደተባለው ተንቀጠቀጠ። ገብረ ሕይወት ሞተሩ እየሠራ ኮፈኑን ከፈተና የዶሮ ላባ ዘይት ውስጥ ነክሮ የካርቡራተሩን እግር ዙሪያውን ቀባ። በፊት በኩል ለውጥ የለም። ከኋላ ጥግ ሲደርስ ዘይቱ ወደ ውስጥ ተሳበ፤ መንቀጥቀጡ ቆመ፤ በጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ወጣ። ዘይቱ ሲያልቅ መንቀጥቀጡ ተመለሰ።

«አየር የሚስበው በዚህ ነው።»

ሞተሩን አጥፍቶ ካርቡራተሩን ፈታ። ብራናው ከሙቀቱ የተነሣ ተኮማትሮ ጠርዙ ወደ ውስጥ ሸሽቷል፤ አድሮ ሲቀዘቅዝ ግን እርጥበት ስቦ መልሶ ይዘረጋ ነበር።

«የአባባ ነው?» አለ አብዱሰመድ።

«የሳቸው ነው።»

«አትንገራቸው። ቁራጩን እየተቀበልህ ጣለው፤ በምን ያውቃሉ?»

ገብረ ሕይወት አባቱ ምሳ ሲገፉ የነበረውን ዐይናቸውን አስታወሰ። አብዱሰመድ ከአንድ የባሕር ዳር ሾፌር ሙቀት የሚችል የጓርኒሲዮን ወረቀት ለምኖ አመጣ። ገብረ ሕይወት ቆርጦ አስገባው፤ ብሎኖቹን ግራና ቀኝ እያፈራረቀ አጠበቀ፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም አንድ ጊዜ ደገማቸው። መኪናው ገበያው መሀል ቆሞ ቢጠበቅ አልጠፋም።

ብቸና ሲመለሱ አካለ ወልድ ጓሮ ቆዳ ይፍቃሉ።

«እንዴት ሆነ ብራናዬ?»

አብዱሰመድ በክርኑ ጎሸመው። ገብረ ሕይወት ግን፣ «አባቴ፣ አልያዘም» አለ።

መፋቂያው ቆመ። «የት አግብተኸው?»

«ሞተሩ ላይ፣ ካርቡራተር ሥር።»

«ይሞቃል?»

«እጅ ያቃጥላል።»

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩት። «አንተ ልጅ፣ እኔ ቤት አይደል ያደግኸው? መጽሐፍ ምድጃ ላይ ሲጣድ የት አየህ?»

«ዘይት ቀብቼው ነበር…»

«ዘይት ቀባሁት ይለኛል! ልትጠብሰው ነበራ!»

አብዱሰመድ ሳቁን መያዝ አቅቶት ፊቱን አዞረ። ሽማግሌው ወደ ቆዳቸው ተመለሱ። ያን ማታ እራታቸውን ትንሽ ቀምሰው ተዉት። ገብረ ሕይወት ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ መሰለው።

ጠዋት ጋራዡ በር ላይ ቆመው አገኛቸው። ከዚያ በፊት እዚያ መጥተው አያውቁም። ገና ከመንገድ የገባ መኪና ኮፈኑ ተከፍቶ ቆሟል፤ በዱላቸው ጠቆሙ።

«ይኼስ?»

«የመሪ ሳጥን ነው።»

መዳፋቸውን ጭነው ጠበቁ። «ይኼን ይችላል። ያኛውስ?»

«እሱ የጭስ ማውጫ ነው፣ ይተዉት! ያቃጥልዎታል!»

እጃቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «እንግዲያ ለሱ ሌላ ፈልግ» አሉና ወደሚቀጥለው ዕቃ አለፉ።